«ዱምስዴይ በትርጉም ወጥቷል» ለሚላችሁ ብር እንዳትልኩ

ወገን፣ ሳቁብኝ፣ ችግር የለም። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ይሄን ነገር ለጓደኞቻችሁ አስተላልፉት።

ባለፈው ሳምንት 600 ብር ተበላሁ። ማንም ኪሴ አልገባም፣ ራሴ ነኝ በቴሌብር የላኩት። የገዛሁት ደግሞ ገና ያልወጣ ፊልም ነው!

«አቬንጀርስ ዱምስዴይ»ን እንደ ጉድ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። ከቀድሞው የአቬንጀርስ ፊልም ከ«ኢንድጌም» ወዲህ አንድ ፊልም እንዲህ ጠብቄ አላውቅም። ጀግናውን ቶኒ ስታርክን (አይረን ማንን) ሆኖ ያስለቀሰን ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር አሁን ዶክተር ዱም ሆኖ፣ ማለትም ጠላት ሆኖ ነው የሚመለሰው። በማርች 2025 የተዋናዮቹን ስም ወንበር ላይ ጽፈው አንድ በአንድ እያሳዩ ከአምስት ሰዓት በላይ የፈጀ ቀጥታ ስርጭት ነበር፣ እሱን ቁጭ ብዬ ያየሁ ሰው ነኝ። ዳታዬን ወንበር በማየት ጨረስኩ። እንዲህ የሚከታተል ሰው አይሸወድም ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «ዱምስዴይ ሙሉ ፊልም፣ በአማርኛ ትርጉም፣ ቪአይፒ ግሩፕ 600 ብር» የሚል አየሁ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ፊልሙ ሲኒማ የሚገባው ዲሴምበር 18 ቀን 2026 ነው፣ በእኛ ታህሳስ 9 ቀን 2019። ይሄንኑ ለቻናሉ ባለቤት ጻፍኩለት። ልጁ ግን መልስ አላጣም። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ የተባለው እኮ ሜይ 1 ነበር። አልቆ ተቀምጦ ነው ቀኑን የገፉት፣ በዚያ መሀል ነው የሾለከው» አለኝ። ቀኑ ከሜይ ወደ ዲሴምበር መገፋቱ እውነት ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። የማውቀውን እውነት አስቀድሞ ሲነግረኝ ከኋላው ያስከተለውን ውሸትም አብሬ ዋጥኩት። ፊልም ቀኑ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ስላላለቀ እንደሆነ ያን ሰዓት ትዝ ያለው የለም።

ከዚያ ናሙና ላከልኝ። ዱም ጀርባውን ሰጥቶ ይታያል፣ ጭምብሉን በእጁ ይዟል፣ ተርጓሚው ላዩ ላይ እየጮኸ ያወራል። በቃ፣ ብሩን ላኩ። በኋላ ረጋ ብዬ ሳየው በ2025 የወጣው «ፋንታስቲክ ፎር» የሚባለው ፊልም ካለቀ በኋላ፣ ስሞቹ መውጣት ሲጀምሩ የሚመጣው ቁራጭ ነው። አይቼው እኮ ነበር! የትርጉሙ ድምፅ ሲጨመርበት አዲስ መሰለኝ።

«ሙሉ ፊልሙ» መጣ። መጀመሪያው በኤአይ የተሠሩ የውሸት ትሬይለሮች ተቀጣጥለው ነው፣ አንዱ ላይ ተዋናዩ ስድስት ጣት አለው። ቀሪው ራሱ የድሮው «ኢንድጌም» ነው፣ ሦስት ሰዓቱን ቆራርጠው አሳጥረውታል። ስጮህ «ይቅርታ፣ የተሳሳተ ፋይል ነው፣ ትክክለኛው ያለው በዚህ አፕ ነው» ብሎ የሚጫን ፋይል ላከ። አልጫንኩም። ቀጥሎ «እሺ፣ ግሩፑ ውስጥ እንዳስገባህ ቴሌግራም የላከልህን ቁጥር ላክልኝ» አለ።

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ዓምና የአክስቴ ልጅ ያንን ቁጥር ለሰው ሰጥታ አካውንቷ ተወስዶባት፣ በስሟ ዘመድ ሁሉ ብር ተጠይቆ፣ እማዬ ሳትቀር ልትልክ ስትል ነው የደረስንባት። ያ ቁጥር የቴሌግራማችሁ ቁልፍ ነው፣ ለማንም አይሰጥም። ሰጥታችሁ ከሆነ አሁኑኑ ሴቲንግ ገብታችሁ «ዲቫይስስ» የሚለው ውስጥ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንም (ከቁጥሩ ሌላ የራሳችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩ። ከማታውቁት ሰው የመጣ አፕም አትጫኑ፣ የባንክና የቴሌብር አፕ ያለበት ስልክ ነው የያዛችሁት።

ብሩን ተዉት፣ እኔ ትቼዋለሁ። ልጁ ብሎክ አድርጎኛል፣ ቴሌብር ላይ የተመዘገበው ስምም የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። እናንተ ግን ቢያንስ «ላክ» ከማለታችሁ በፊት የሚመጣላችሁን የተቀባይ ስም አንብቡ፣ የቻናሉ ስም ሌላ፣ የተቀባዩ ስም ሌላ ከሆነ ተዉት። «የመጀመሪያ ቀን ትኬት ከአሁኑ ልያዝልህ» የሚሉትም መጥተዋል። ትኬት ሲጀመር ሲኒማ ቤቱ ራሱ ይናገራል፣ ሄዳችሁ ከመስኮቱ ግዙ።

ትናንት በጓደኛዬ ስልክ ቻናሉን አየሁት። ስሙን ቀይሯል። አሁን የሚሸጠው ከዱምስዴይ ቀጥሎ ለዲሴምበር 2027 የተያዘውን የአቬንጀርስ ፊልም «ሲክሬት ዋርስ»ን ነው፣ ዋጋውም 800 ገብቷል።