የእህቴን ቃል ኪዳን ናሽናል ሞል ላይ ለማድረግ ያወጣነው ፈቃድ

ታናሽ እህቴ ቃል ኪዳኗን አዳራሽ ውስጥ መግባት አልፈለገችም። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ትልልቆቹ መታሰቢያዎች ባሉበት ሰፊ መናፈሻ፣ ናሽናል ሞል ላይ፣ ዛፍ መሃል የቆመችውን ነጭ ክብ መታሰቢያ ነው የመረጠችው። የዲሲ የጦርነት መታሰቢያ ትባላለች። ከሊንከን መታሰቢያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ ስትሄዱ በኢንዲፔንደንስ ጎዳና በኩል ናት። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። እኔም እዚሁ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ስንት ዓመት ኖሬ አላውቃትም ነበር።

ፈቃዱን የማውጣቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ታላቅ እህት አይደለሁ።

ገና ከጅምሩ አንድ ካሜራማን አሳሳተን። «ስንት ሰው ናችሁ?» አለኝ። 24 አልኩት። «እስከ 25 ሰው ፈቃድ አያስፈልግም፣ አታስቢ» አለኝ። ወሬው ከየት እንደመጣ በኋላ ነው የገባኝ። ሕጉ እውነት ነው፤ ግን ለሰላማዊ ሰልፍ ነው። ሐሳብን ለመግለጽ የሚሰበሰብ ከ25 ያልበለጠ ሰው ያለ ፈቃድ መቆም ይችላል። ኋይት ሐውስ ፊት ለፊት ላፋዬት ፓርክ ሰልፍ የወጣ ሐበሻ ቁጥሯን ሰምቷታል። ሠርግ ግን «ልዩ ዝግጅት» በሚለው ውስጥ ነው የሚገባው። 24 ሰውም ሆናችሁ 10፣ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ይቺን ሳናውቅ ብንሄድ ኖሮ እህቴ በሠርግ ልብሷ ከቦታው ልትነሳ ነበር። ሳስበው አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

ሌላው ሰው የሚስተው፣ ፈቃዱ የሚገኘው ከዲሲ ከተማ አስተዳደር አለመሆኑን ነው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው። የሚሰጠው የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ማመልከቻ እስከ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይስተናገዳል። የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም። ስለዚህ ቀኑን ከቤተሰብ ጋር ሳትጨርሱ እንዳትከፍሉ።

ፎርሙ አይከብድም፤ ግን ዝርዝር ይፈልጋል። ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትጨርሳላችሁ፣ ስንት ሰው፣ ምን ይዛችሁ ትገባላችሁ። እኔ ሁሉንም ጻፍኩ። አስር ወንበር ለአዛውንቶች፣ አንድ ከበሮ። ከበሮው ላይ ስደርስ ትንሽ አሰብኩ። ልተወው ወይስ ልጻፈው? ጻፍኩት። በሳምንቱ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ከበሮ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያክል፣ ኤሌክትሪክ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በእጅ የሚመታ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ነው አልኳት። «እንግዲያው ችግር የለውም» አለችና ሠርጉ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ሁለተኛ አረጋገጠች። ረጋ ብላ ነው ያናገረችኝ። ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ።

ፈቃዱ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ያየነው ክልከላውን ነው። ሩዝ መበተን የለም። የአበባ ቅጠል መበተን የለም። ፊኛ የለም። መታሰቢያው ላይ ምንም ነገር ማሰር፣ መለጠፍ የለም። ሠርጉ መስከረም ላይ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ ስለነበር ሕፃናቱ አደይ የሚመስል ቢጫ አበባ እንዲበትኑ አስበን ነበር። እህቴ ፊቷ ጥቁር አለ። በኋላ ግን አበባውን በቄጠማ አስረን በእጃቸው አስያዝናቸው። ፎቶው ላይ እንዲያውም የበለጠ አምሯል። ክልከላውን ደግሞ ቦታውን ሳየው ተረዳሁት። እብነ በረዱ ነጭ ነው፣ በየቀኑ ሰው ይመጣበታል፣ የረገፈውን የሚለቅም ሌላ ሰው ነው።

አሁን ትልቁን ጉዳይ ልንገራችሁ። የፓርኩ ፈቃድ ለቦታው ነው፤ የጋብቻው ወረቀት ሌላ ነው። ሙሽሮቹ ቨርጂኒያ ስለሚኖሩ ላይሰንሱን እዚያው ሊያወጡ ነበር። ሥርዓቱ ዲሲ መሬት ላይ ከሆነ የቨርጂኒያው አይሠራም። ከዲሲው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማውጣት ነበረባቸው። የሚያጋባው ፓስተርም እዚያው ፍርድ ቤት የተመዘገበ መሆን አለበት። የእኛ ፓስተር ቨርጂኒያ እንጂ ዲሲ አልተመዘገበም ነበር። ጊዜ ስለነበረን አስመዘገብነው። በመጨረሻው ሳምንት ቢሆን ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር። የካሜራው ነገር ግን ቀለል ብሏል። ከጥር 2025 ወዲህ በወጣው ሕግ፣ ቡድኑ ከስድስት ሰው በታች ከሆነና ዕቃው በእጅ የሚያዝ ከሆነ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ለመቅረጽ ፈቃድ አያስፈልግም።

ዕለቱ ደረሰ። ወንበር ያከራየን ቤት መኪናውን በማዶ በኩል አቁሞ ሄደ። ወንድሞቼ ሱፍ ለብሰው ወንበር ተሸከሙ። እንደዚያም ሆኖ በሰዓታችን ጀመርን፤ ሁሉንም ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ነበር የጠራሁት። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲያልቅ ያልቃል፣ የሐበሻ ቀጠሮ አያውቅም።

ቦታው ለእናንተ አይዘጋም። ይሄንን ቀድማችሁ ለሙሽራዋ ንገሯት። ፓስተሩ ሲጸልይ አንድ የሚሮጥ ሰው በአጠገባችን አለፈ፤ ሁለት ቱሪስቶች ቆመው አዩን። አንድ የፓርክ ፖሊስም መጣ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ሰዓቱን አየ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎኝ ሄደ። ዋናውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል።

እማዬ የመጣችው ከጉለሌ ነው፣ ለሠርጉ። ሥርዓቱ እንዳለቀ ጠፋችብኝ። ዞሬ ሳያት ከግርጌው የተቀረጹትን ስሞች በጣቷ እየዳሰሰች ነው። «እነዚህ እነማን ናቸው?» አለችኝ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ የሞቱ የዚህ ከተማ ልጆች ናቸው አልኳት። 499 ናቸው፤ መታሰቢያው የተመረቀው በ1931 በፈረንጆቹ ነው። «አለቃቸው የትኛው ነው?» አለች። ስሞቹ በፊደል ተራ ነው የተጻፉት፣ ማዕረግም ዘርም አልተለየም አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ትንሽ ቆመችላቸው። ከዚያ ከበሮው ሲመታ መጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ጣሪያው ጉልላት ነው፣ ከሥሩ የሙዚቃ ባንድ እንዲጫወትበት ታስቦ የተሠራ ነው። ድምፁ አሥራ ሁለቱ ዓምዶች መሃል ሲዞር ትሰሙታላችሁ። ማይክ ለምን አላመጣንም ያለ ሰው አልነበረም።

እንደ እኛ ጥቂት ሰው ይዛችሁ ቃል ኪዳን ብቻ ልታደርጉ ከሆነ አሥሬ እመክራችኋለሁ። እዚያ ድግስ የለም፤ እኛ እራቱን አሌክሳንድሪያ እቤት ነው ያደረግነው። የሚሄዱት አዛውንቶች ከሆኑ መንገዱን ቀድማችሁ በእግር ሂዱበት፤ መኪና የሚቆመው ራቅ ብሎ ነው። 300 ሰው ልትጠሩ ካሰባችሁ ግን አዳራሽ ያዙ።