ግሎሲ ስክሪን ወይስ ማት? መጀመሪያ መስኮታችሁ የት ነው?

ፎቶ ለማሳጠብ ሄዶ «ግሎሲ ይሁን ማት?» ያልተባለ ያለ አይመስለኝም። የላፕቶፕ ስክሪንም ያው ነው፣ ወይ የሚያብለጨልጭ (ግሎሲ) ወይ የማያብለጨልጭ (ማት) ነው። ልዩነቱ እዚህ ሻጩ አይጠይቃችሁም። ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ከፍቶ ቀለም የበዛበት ቪዲዮ ይለቅላችኋል፣ ዓይናችሁም ሳይጠራ ወደ ግሎሲው ይሄዳል።

የእኔም ሄዷል። ጥቁሩ ድቅድቅ ያለ፣ ቀለሙ የሚስብ ላፕቶፕ ገዝቼ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው ቢሯችን ይዤው ገባሁ። የምቀመጠው ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ኤክሴሉ ላይ የሚታየኝ ቁጥሩ ሳይሆን ሰማዩ፣ ማዶ ያለው ፎቅና የራሴ ፊት ሆነ። ነጭ ሸሚዝ የለበስኩ ቀን ደግሞ ይብሳል፤ አንዴ ለበዓል ዋዜማ የሀገር ልብስ ለብሼ ገብቼ ሥራውን ትቼ ራሴን ሳይ ነው የዋልኩት።

ግሎሲ ገጹ ልሙጥ ስለሆነ ብርሃኑን እንደ መስታወት መልሶ ይልካል። የማት ገጽ ግን በዓይን በማይለይ መጠን ሻካራ ነው፣ የመጣበትን ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል። ይበትነዋል አልኩ እንጂ ያጠፋዋል አላልኩም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መስኮቱ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ አይታይም፣ በምትኩ ስስ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ ጥቁሩም ወደ ግራጫ ይሄዳል። ካፌ በረንዳ ላይ ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት ሁለቱም ያስቸግራሉ።

ስለዚህ ብራይትነሱን ሳትጠይቁ አትግዙ። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የተለመደው 250 ኒት (የስክሪን ብርሃን የሚለካበት ነው) ነው፣ መስኮት አጠገብ ለሚሠራ ሰው ያንሳል። 300 ይሻላል፣ 400 ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። ግሎሲ የያዘ ሰው ነጸብራቁን ለማሸነፍ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ይጨምራል፣ ባትሪው ግን ለዚያ አይመችም፤ መብራት ጠፍቶ ፋይል ለመጨረስ ስትጣደፉ ይገባችኋል።

ማታ ቤት ውስጥ ፊልም ለማየት ከሆነ ግን ክርክር የለውም፣ ግሎሲ። መጋረጃ ዘግቶ ፎቶ ለሚያስተካክልም ያምራል። ማት ላይ ነጭ ገጽ ስታዩ አንዳንዴ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ዓይኑ ስስ የሆነ ሰው ይረብሸዋል። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍና ሂሳብ ላይ ለሚውል ግን ማት ነው የምለው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትፈልጉ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድና የዴል ላቲቲዩድ አብዛኞቹ ማት ናቸው፣ ተች (በጣት የሚነካ ስክሪን) ያላቸው ግን ብዙ ጊዜ ግሎሲ ናቸው። ማክቡክ ግሎሲ ነው፤ ከ2024 ወዲህ ማክቡክ ፕሮ ላይ ናኖ ቴክስቸር የሚባል ነጸብራቅ የሚቀንስ ምርጫ መጥቷል፣ ተጨማሪ ብር ያስከፍላል።

ጽዳቱ ላይ ግሎሲ የጣት አሻራን ቶሎ ያጋልጣል፣ ግን ቶሎ ይጠረጋል። ማት ላይ ቅባት ከገባ ይሸሸጋል፣ አጥብቃችሁ ካሻችሁት ደግሞ ያ ቦታ እያብለጨለጨ ይቀራል። ለስላሳ ጨርቅ በትንሽ ውሃ አርጥባችሁ ጥረጉ፣ በሶፍት አትፈትጉት።

ሱቅ ስትሄዱ ስክሪኑን አጥፍታችሁ እዩት። ፊታችሁ ጥርት ብሎ ከታየ ግሎሲ ነው። ከዚያ ከፍታችሁ ነጭ የወርድ ገጽ አውጡና ወደ በሩ ይዛችሁት ውጡ፣ ሻጩ ደስ ባይለውም።

ግሎሲ ገዝታችሁ ከሆነም ለመሸጥ አትቸኩሉ። የሚለጠፍ ማት ፕላስቲክ አለ፣ ፊደሉን ትንሽ ያደበዝዛል። እኔ እሱንም ትቼ ጠረጴዛዬን አዞርኩት፣ መስኮቱ በጎኔ ሆነ። አሁን ስክሪኑ ላይ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱም ትንሽ ቀለም ይፈልጋል።