ጭስ ማውጫው በማስቲሽ የተለጠፈ ጀልባ እንዳትገዙ

ሐይቅ ከተማና ዙሪያው ያገለገለ ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። በተለይ በማኅበር ተደራጅታችሁ፣ ያጠራቀማችሁትን አውጥታችሁ፣ ብድር ጨምራችሁ ለምትገዙ ልጆች ነው የምጽፈው። እኔ ደሴ ላይ የናፍጣ ሞተር ሠራተኛ ነኝ። ሲጠሩኝ ሐይቅ ወርጄ የጀልባ ሞተርም እሠራለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሎጎ ሐይቅ ላይ እንግዳ የሚያዝናኑ ልጆች አንድ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዙ። ሌላ ሐይቅ ላይ ሲሠራ ቆይቶ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ሞተሩ ከኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት አይደለም፤ ከወለሉ ሥር የተቀመጠ ናፍጣ ነው። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ወንበሩ አዲስ ነው፣ ሞተሩም ቁልፍ እንደነኩት ይነሳል። ሻጩና ደላላው ግን አብዝተው ያሞገሱት ጭስ ማውጫውን ነበር። «ብሎን የሚባል የለበትም፤ በኬሚካል ነው የተያዘው። ዕድሜ ልኩን አይነቃነቅም» አሏቸው።

ኬሚካል ያሉት ማስቲሽ ነው። እውነትም አይነቃነቅም። ልጆቹን ለኪሳራ የዳረጋቸው ይኸው አለመነቃነቁ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። መኪና ላይ ጭሱ በማርሚታው (የሞተሩን ድምፅ በሚያፍነው ሣጥን) አልፎ በብረት ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ቢግልም ከሥሩ ነፋስ አለ። ጀልባ ውስጥ ግን የጋለ ብረት በእንጨትና በፋይበር መሃል ማሳለፍ አደጋ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውኃ ሲወጣ ቱቦው የሚታጠፍበት ክርን ላይ ከጭሱ ጋር ይቀላቀላል። ጭሱ ይበርዳል፤ ከዚያ ወዲያ በጎማ ቱቦ መሄድ ይችላል። ቀጥሎ ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበር የተሠራ ሣጥን አለ። የውኃ ማርሚታ ልንለው እንችላለን። ውኃው እዚያ ይጠራቀምና የጭሱ ግፊት ወደ ላይ እየገፋ በጀልባው ጀርባ ያስወጣዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ቱቦ ውስጥ የቀረው ውኃ ተመልሶ እዚያው ሣጥን ውስጥ ይወርዳል። ሣጥኑ በጥላሸት ከተደፈነ ይህ ውኃ ማረፊያ ያጣል፤ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ገብቶ ሞተሩን ካስነሳችሁት ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል።

እንግዲህ ይህ ሣጥን የሚፈታ፣ የሚታይና የሚታጠብ መሆን አለበት። በደንብ ሲሠራ በቀበቶ ወይም በብሎን ይታሰራል፤ ቱቦዎቹ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ይያዛሉ። ካቻቢቴ የያዘ ሰው አውጥቶ፣ አጥቦ ይመልሰዋል።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር፣ ነዳጅ የሚረጨው ፖምፓው ለከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጁ ከአየሩ ይበልጥበታል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ተጭነው የሚወጡትን አይሱዙዎች ጭስ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጥላሸቱ ጀልባ ላይ ከውኃው ጋር ይቦካና ክርኑና ሣጥኑ ውስጥ ይጋገራል። ቆላ ላይ ዓመታት የሚቆይ ጭስ ማውጫ እዚህ ቶሎ ቶሎ መከፈት ይፈልጋል። የማይከፈት ነገር ለዚህ ሐይቅ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ልጆቹ ሥራ ከጀመሩ ብዙም ሳይቆዩ ሞተሩ ጥቁር ያጨስ ጀመር። ኃይሉ ወረደ። ወለሉ ሥር ቅባት ያዘለ ውኃ ይጠራቀም ጀመር። ሎጎ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የተደፋበት ዘይት እዚያው ነው የሚቀረው፣ ዓሣውም ከዚያው ይወጣል። እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ከኋላ የሚቀመጡ ተሳፋሪዎች ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። ልጆቹ ማዕበሉ ያመጣው መስሏቸው ነበር። ሣጥኑ ከማስቲሹ ሥር ተሰንጥቆ ጭሱን ወለሉ ሥር ይተፋ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ቢያወጣም፣ በተዘጋ ቦታ ሲጠራቀም ሰው ይገድላል። ልጅ አዝለው የሚሳፈሩ እናቶች አሉ እኮ! ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሻጩ ስንጥቁን ያውቅ ነበር ብዬ የማምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማስቲሹን ስናነሳ ከሥሩ፣ ልክ ስንጥቁ ላይ፣ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) የተለጠፈ የፋይበር ጨርቅ አገኘን። በእሱ ላይ ግራጫ ማስቲሽ፣ በማስቲሹ ላይ አዲስ ቀለም። ጤነኛ ሣጥን ላይ ማንም እንዲህ አይደክምም።

ሁለተኛው በደል ደግሞ አለ። እኔ ከመጠራቴ በፊት ልጆቹ ሌላ ሰው አምጥተው ነበር። «የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» ብሎ ክፍያውን ቀድሞ ተቀበለ። ከዚያ ድጅኖ ከሣጥኑ ሥር ሰክቶ ፈነቀለው። አንዱ ጥግ ተነሳ፤ የጀልባው ፋይበርም ተልጦ አብሮት ተነሳ። ሰውየው ያን ጊዜ እቃውን ሰብስቦ ሄደ። ፋይበር ግላስ ማለት በሬዚን የተያያዘ የጨርቅ ንብርብር ነው። ጥሩ ማስቲሽ ከያዘው፣ ማስቲሹ ከንብርብሩ ይበረታል። ስትፈነቅሉት መጀመሪያ የሚለቀው የጀልባው ሆድ ነው። ስለዚህ ጭስ ማውጫ አነሳለሁ የሚል ሰው ድጅኖ ወይም መዶሻ ይዞ ከመጣ፣ እጁን ሳያስገባ አስቁሙት።

ገዝታችሁ ለተቸገራችሁት አሠራሩን ልንገራችሁ። ባትሪውን ፍቱ፤ ወለሉ ሥር ያለውን ዘይትና ነዳጅ ጥረጉ። ከዚያ ማስቲሹን በጥፍር ተጫኑት። ከተለመጠ ፖሊዩሪቴን ወይም ሲሊኮን ነው፤ ይቆረጣል። ቀጭን ጠንካራ የብረት ሽቦ ፈልጉ፤ የጊታር ክርም ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች እንጨት ላይ ጠምጥሙና በሣጥኑና በወለሉ መሃል አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ እየሳባችሁ ቁረጡ። የተቆረጠው ላይ የእንጨት ሽብልቅ ቀስ አድርጋችሁ ሰንቅሩ። ማስቲሹ ሲወጠር ለሽቦው ይቀላል። የሞቀ አየር የሚነፋ ማሽን ካላችሁ ይጠቅማል፤ ግን እጃችሁ ለአፍታ ሊችለው ከሚችለው ሙቀት አታሳልፉት። ከዚያ በላይ የጀልባው ሬዚን ራሱ ይለሰልሳል። የሚቃጠል ፖሊዩሪቴን ጭስም ለሳንባ መርዝ ነው። በፋኖስም በጋዝ እሳትም ፈጽሞ አትሞክሩት። ማስቲሽ የሚያሟሟ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁ አሴቶንም ገና ላልደረቀው እንጂ ለደረቀው አይሆንም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ጥፍር የማይበግረው ከሆነ ኢፖክሲ (ደርቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ወይም ሬዚን ነው። እዚህ ላይ ሣጥኑን አትርፋለሁ አትበሉ። ሣጥኑን ራሱን ቆራርጣችሁ አውጡ። ወለሉ ላይ የቀረውን በግራይንደር ቀስ እያላችሁ አሳሱት፤ መጨረሻውን በእጅ በብርጭቆ ወረቀት። ሣጥን ሌላ ይገዛል። የተበሳ ጀልባ ግን ሰው ይዞ ይሰጥማል። አቧራው ቆዳ ይበላል፣ ሳንባም ይገባል። ጭምብል፣ መነጽርና እጅጌው ረጅም ልብስ አድርጉ። የልጆቹ ጀልባ ሁለቱም ዓይነት ስለነበረበት በሽቦም በግራይንደርም ነው የጨረስነው።

አሁን ለመግዛት ለምትሄዱት። ወለሉን አስከፍቱ። ሻጩ «ተቀብቷል፣ ይበላሻል» ካለ አመስግናችሁ ተመለሱ። ከሞተሩ እስከ ጀርባው መውጫ ድረስ ጭስ ማውጫውን በዓይናችሁ ተከተሉት። እያንዳንዱ ቱቦ ፋሸታው መታየት አለበት፤ ሣጥኑንም የሚይዘው ማሰሪያው እንጂ ማስቲሽ መሆን የለበትም። በሣጥኑ ዙሪያ ወለሉን በትንሽ እንጨት አንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ንብርብሩ የለቀቀው ይታፈናል። ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ራሳችሁ አስነሱት፤ ቀድሞ ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ ሰው ጭናችሁ ዞር ዞር በሉበት። ከጀርባው ውኃ ከጭሱ ጋር እየተቆራረጠ በብዛት መውጣት አለበት። ውኃው ቀጥኖ ጭሱ ከበረታ የሆነ ቦታ ተደፍኗል።

ውሉን ደግሞ ራሳችሁ አንብቡት። ልጆቹ የፈረሙት ውል ላይ «ያለበትን ሁኔታ አይቼ ተረክቤያለሁ» የምትል መስመር ነበረች። ሻጩ አሁን እሷን ነው የሚያሳየው። ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው መስመር እንደማያድነው ይናገራል። ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ የመመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ በስልክ እየተጨቃጨቃችሁ ጊዜ አትግደሉ። በጽሑፍ አስታውቁ፤ ቅጂውን ያዙ። ልጆቹ የተነሳውን ማስቲሽ፣ ከሥሩ የተገኘውን ጨርቅና የተሰነጠቀውን ሣጥን ፎቶ አንስተው አስቀምጠዋል። እናንተም አንዲት ቁራጭ ሳትጥሉ አስቀምጡ።

ይህን አሁን ለመጻፍ ያስቸኮለኝ አንድ ነገር ነው። ያው ሻጭ በያው ደላላ በኩል ሌላ ጀልባ ሊያመጣ መሆኑን ልጆቹ ሰምተዋል። ናፍጣ ሞተሩ ከወለሉ ሥር ነው፣ ጭስ ማውጫው «በኬሚካል የተያዘ» ነው እየተባለ ለሌላ ማኅበር ቀርቧል። ቀብድ የተጠየቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ ብሩን ሳትቆጥሩ ደውሉልን። ልጆቹም እኔም መጥተን ወለሉን አብረን እናስከፍታለን፤ ክፍያ አንጠይቅም።