የዕፅዋትን የካልሲየም ምልክት ለመከታተል፦ ኤኮሪን ወይስ ጂካምፕ?

በድሬዳዋ ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋትን የሚያጠና ተማሪ፣ ሙቀትና ድርቅ በሴል ውስጥ የሚቀሰቅሱትን የካልሲየም ምልክት ለማየት ሲያስብ ኤኮሪንና ጂካምፕ የተባሉ ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል። በእረፍት ላይ ባለ ሴል ሳይቶፕላዝም (የሴሉን ውስጥ የሚሞላው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው የካልሲየም አየን መጠን 100 ናኖሞላር ገደማ ሲሆን፣ ከሴሉ ውጭና በቫኩዩሉ (በሴሉ ውስጥ ባለው የማከማቻ ከረጢት) ውስጥ ያለው ግን በሺዎች እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ንክኪ፣ ብርድ ወይም ጨው የሽፋኑን መተላለፊያዎች ሲያስከፍት አየኖቹ ወደ ሳይቶፕላዝሙ ይጎርፋሉ፣ ካልሞዱሊንን የመሳሰሉ ፕሮቲኖችም ይዘዋቸው መልእክቱን ያስተላልፋሉ።

ኤኮሪን ከጄሊፊሽ የተገኘ ፕሮቲን ሲሆን፣ ካልሲየም ሲይዝ ራሱ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። በ1991 በትንባሆ ችግኝ ላይ ንክኪና ብርድ የሚያስነሡትን ምልክት ለማሳየት አገልግሏል። የውጭ ብርሃን ስለማይፈልግ ክሎሮፊል አያደናግረውም፤ ብርሃን የሚለካ መሣሪያም ይበቃዋል። ሆኖም ኮኢለንተራዚን የተባለው ኬሚካል ሊጨመርለት ይገባል፤ ብርሃኑም ደካማ በመሆኑ የእያንዳንዱን ሴል ድርሻ ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

ጂካምፕ ካልሞዱሊንን ከአረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ጋር ያጣመረ ሲሆን፣ ካልሲየም ሲይዝ ይበልጥ ያበራል። በ2018 የወጣ ጥናት፣ አባጨጓሬ የበላው የአራቢዶፕሲስ (ለምርምር በብዛት የሚያገለግል ትንሽ ተክል) ቅጠል የላከው የካልሲየም ማዕበል በደቂቃዎች ውስጥ ሌሎች ቅጠሎች ዘንድ ሲደርስ በዚሁ መንገድ አሳይቷል። ኬሚካል ባይጨመርለትም የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል፤ ዋና ወጪውም ይኸው መሣሪያ ነው።

ሁለቱም ጂን ማስገባት ስለሚጠይቁ፣ በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ከሆነው የሐረርጌ ማሽላ ይልቅ በአራቢዶፕሲስ መጀመር ይሻላል። የሙሉ ችግኝ ምላሽ መጠን ለሚፈልግ ኤኮሪን፣ ምልክቱ በየት በኩል እንደተጓዘ ለሚጠይቅ ጂካምፕ ይመረጣል።