የሰሜን ቨርጂኒያው ጠበቃ ቢሮ፦ ጠጥቶ በማሽከርከር ክስ ላይ ያገኘነው አገልግሎት

ይህ ቢሮ ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰውን የእህቴን ልጅ ወክሎ ተከራክሯል። ሙሉ ኮከብ ያልሰጠሁበትን ምክንያት ከመናገሬ በፊት ግን ሥራውን ማመስገን ተገቢ ነው። ጠበቃው በመጀመሪያው ቀጠሮ «ነፃ አወጣዋለሁ» አላለም፤ ፖሊሱ ደረቱ ላይ ባደረገው ካሜራ የተቀረጸውን ቪዲዮና የትንፋሽ ምርመራውን ሰነድ ሳያይ ስለ ውጤቱ እንደማይናገር ነገረን።

በቨርጂኒያ በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን 0.08 በመቶ ከደረሰ ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለዋል፤ ጠበቃው ግን ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ መመርመር ጀመረ። መንገድ ዳር የሚደረገው የመጀመሪያው የትንፋሽ ምርመራ ለመያዝ ምክንያት ቢሆንም፣ በክርክሩ ላይ ጥፋተኝነትን ለማስረዳት አይቀርብም። ክብደት ያለው በኋላ በትልቁ መሣሪያ የሚወሰደው ነው፤ ከሆድ ወደ አፍ የተመለሰ አልኮል ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ መርማሪው ከዚያ በፊት ሰውየው እንዳያገሳና እንዳያስመልስ ለ20 ደቂቃ መከታተል አለበት። በቪዲዮው ላይ የሚታየው ግን ጀርባውን ሰጥቶ ቅጽ የሚሞላ ፖሊስ ነበር።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የመንገድ ላይ ፈተናዎቹን የተቸበትን መንገድ ነው። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ 9 እርምጃ ሄዶ መመለስና በአንድ እግር መቆም ሳይጠጡም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ እኔ ራሴ ሳልንገዳገድ መፈጸሜን እጠራጠራለሁ። ልጁ በፍጥነት የተነገረውን የእንግሊዝኛ መመሪያ በቅጡ ሳይረዳ ቀድሞ መራመድ መጀመሩ እንደ ስካር ምልክት ተመዝግቦበት ስለነበር፣ ጠበቃው ይህ የቋንቋ እንጂ የመጠጥ ችግር አለመሆኑን ቪዲዮውን እያቆመ አስረዳ። በመጨረሻም ዐቃቤ ሕጉ ክሱን በግዴለሽነት ወደ ማሽከርከር ዝቅ ለማድረግ ተስማማ፤ ይህም በቨርጂኒያ ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑን ጠበቃው አልደበቀንም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የሰጠው ውሳኔ ጠበቃ የጥፋተኝነት ቃል በኢሚግሬሽን ላይ የሚያስከትለውን ለደንበኛው እንዲያስረዳ ቢያስገድድም፣ የግሪን ካርዱን ነገር ያነሣነው እኛ ነን። በተጨማሪም የተስማማንበት ክፍያ ይግባኝን እንደማይጨምር የተረዳነው ዘግይተን ነው፤ ይግባኝ የሚጠየቀው ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ነው። በችሎት የአማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ አቅርቧል፤ ለቢሮው ቀጠሮዎች ግን አስተርጓሚ ይዘን የሄድነው እኛው ነበርን።