ባለ 50 ሚሊ ሊትር ቡሬት፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ቡሬት (ፈሳሽ በልክ የሚያወርድ፣ ከታች መክፈቻ ያለው ረጅም የመስታወት ቱቦ) ከዘጠኝ ወር በፊት ከኪሴ አውጥቼ የገዛሁት፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያውቁትን የአሲድና የቤዝ ታይትሬሽን፣ ማለትም መጠኑ የሚታወቅ ቤዝ እያንጠባጠቡ የአሲድን መጠን መለካት፣ በእጃቸው እንዲሠሩት ብዬ ነው። ቀድሞ የምንገለገልበት ቡሬት መክፈቻው ራሱ መስታወት ነበር፤ በውስጡ የምናወርደው ቤዝ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ መስታወትን ቀስ በቀስ ስለሚበላ፣ አንድ ቀን ሳይታጠብ አድሮ መክፈቻው ድርቅ ብሎ ተጣበቀ፣ ለማላቀቅ ስንታገልም ተሰበረ። ስለዚህ አሁን የቴፍሎን መክፈቻ ያለውን መረጥኩ። ቅባት አይፈልግም፣ እስከ ዛሬም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጣበቀም።

አዘውትሬ የምሠራበት ከሱቅ የሚገዛ አቼቶ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ ለመለካት ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ተመዝኖ በተሠራበት ቁጥር ብቻ ሊታመን አይችልም። በመሆኑም በቅድሚያ 0.5106 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት (መጠኑ በሚዛን ብቻ የሚታመን ደረቅ አሲድ) በውሃ አሟሙቼ ታይትሬት ሳደርገው 25.60 ሚሊ ሊትር ወሰደ፤ የሞላር ክብደቱ 204.22 ስለሆነ የቤዙ ኮንሰንትሬሽን 0.1 ሳይሆን 0.0977 ሞላር (ሞል በሊትር) ሆነ። ከዚያ አቼቶውን አሥር እጥፍ አቅጥኜ፣ 25 ሚሊ ሊትሩን በፒፔት ወደ ፍላስክ ቀድቼ፣ አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆነውን ጠቋሚ ቀለም፣ ፌኖልፍታሊን፣ ሁለት ጠብታ ጨመርኩበት።

የመጀመሪያው ንባብ 20.95 ነበር። ሁለተኛው 20.35፣ ሦስተኛው 20.30 ሲሆኑ ጥፋቱ የት እንደሆነ ገባኝ፤ ከመክፈቻው በታች ባለው ጫፍ የቀረ የአየር አረፋ መሀል ላይ አምልጦ ኖሮ፣ ቦታውን የሞላው ፈሳሽ ፍላስኩ ውስጥ ሳይገባ እንደገባ ተቆጥሯል። ያንን ንባብ ትቼ በ20.35 ሳሰላ የቀጠነው አቼቶ 0.0795 ሞላር፣ ዋናው 0.795 ሞላር፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር 4.8 ግራም ገደማ አሲድ ያለው ሆኖ ተገኘ። ጠርሙሱ ላይ 5 ፐርሰንት ተብሎ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መክፈቻውን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ አረፋውን ሳላስወጣ ሥራ አልጀምርም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከብርድ ነው። ቴፍሎን ሲቀዘቅዝ ከመስታወት ይልቅ ስለሚኮማተር፣ በማለዳ ክፍለ ጊዜ መክፈቻው ላልቶ ያንጠባጥባል። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነውና፣ ተማሪው የመጨረሻውን ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ሲጠብቅ ሳያውቀው ልኩን ያልፋል። የመክፈቻው ፍሬ በትንሹ ሲጠብቅ ይስተካከላል፤ ግን ቀትር ላይ ያው ፍሬ ከልክ በላይ ይጠብቅና ጠብታ በጠብታ ማውረድ ያቅታል። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፣ ከዕቃው ጋር የመጣች ወረቀትም አልነበረችም።

የመለኪያ መስመሮቹ በየ0.1 ሚሊ ሊትር የተሰመሩ ናቸው፤ ከ30 እስከ 35 ባለው ክፍል ግን ቀለሙ እየለቀቀ ነው። እንግዲህ ሜኒስከሱን (የፈሳሹን ጎድጓዳ የላይ ገጽ) በዓይን ትክክል አድርጎ ማንበብ፣ ከኋላውም ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ካርድ መያዝ ግድ ሆኗል። ተማሪ ሲያጎነብስ ሳይሆን ቆሞ ሲያነብ 0.1 ሲያሳስት ደጋግሜ አይቻለሁ።

ልኩን ለማረጋገጥ ዲስቲልድ ውሃ ሞልቼ አሥር አሥር ሚሊ ሊትር እያወረድኩ መዘንኩት፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ በአየር ላይ ሲመዘን 9.97 ግራም ያህል መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ተስማሙ፣ የመጨረሻው ግን ትንሽ አጎደለ። ከ40 መስመር በታች ስለማላወርድ አላስቸገረኝም።

ዋጋው ከመስታወት መክፈቻው በላይ ነው፤ ያም ሆኖ ደግሜ ብገዛ ይህንኑ እወስዳለሁ። ምሽት ላይ በውሃ አጥቤ፣ መክፈቻውን ፈታ አድርጌ፣ ጫፉን ወደ ላይ ገልብጬ በመቆሚያው ላይ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ፍሬውን መልሶ ማጥበቅ የተረኛው ተማሪ ሥራ ነው።