ልኩን የጠበቀ መለኪያ፣ ስሙን የሳተ መመሪያ

ይህን አስተያየት የምጽፈው የዶቭቴል መጋጠሚያ (ሁለት ጣውላዎች ጥግ ላይ ጫፋቸው በሰፋ ጥርሶች እርስ በርስ የሚቆላለፉበት የአናጢ መጋጠሚያ) ማስመሪያ የሆነውን ትንሽ የናስ መለኪያ ገዝቼ አራት መሳቢያዎች ከሠራሁበት በኋላ ነው። አንዱ ጎኑ 1 ለ 6፣ ሌላው 1 ለ 8 ያጋደለ ሲሆን፣ በመካከል ያለው ቀጥ ያለ ጠርዝ መስመሩን ከጣውላው ፊት ወደ ጫፉ ያሻግራል። በስኳድራ ስፈትሸው ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት አላገኘሁበትም።

ሁለቱ ልኮች ያለ ምክንያት አልተቀመጡም። በተለምዶ 1 ለ 6፣ ማለትም 9.5 ዲግሪ ገደማ፣ ሲጨመቅ ለሚሟሽሽ ለስላሳ እንጨት ይሰጣል፤ 1 ለ 8፣ ማለትም 7 ዲግሪ ገደማ፣ ለጠንካራ እንጨት ይበቃል። ከዚያ በላይ ካጋደለ በጥርሱ ማዕዘን ላይ የእንጨቱ ክር አጭር ስለሚሆን መሮ ሲነካው ይሸረፋል፤ እጅግ ከቀና ደግሞ መሳቢያው በተጎተተ ቁጥር የፊቱን ጣውላ አጥብቆ የሚይዘው ነገር አይኖርም። ናሱ ለስላሳ መሆኑ ግን ጉድለት ነው፤ ማስመሪያ ቢላዬ በሁለተኛው መሳቢያ ላይ ጠርዙን ጫር ስላደረገው ከዚያ ወዲህ በቀጭን እርሳስ አሰምራለሁ።

ዋናው ቅሬታዬ አብሮት በመጣው ባለ ብዙ ቋንቋ መመሪያ ላይ ነው። ተርጓሚው ዶቭቴል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቃል በቃል ወስዶ በስፓኒሽ «የርግብ ጭራ» ብሎታል፤ የስፓኒሽ አናጢ ግን ኮላ ዴ ሚላኖ፣ የጭላት ጭራ፣ ነው የሚለው። ፈረንሳይኛው ኬ ዳሮንድ፣ ጀርመንኛው ሽቫልበንሽቫንትስ፣ ጣሊያንኛው ኮዳ ዲ ሮንዲኔ፣ ሩስኛው ላስቶችኪን ኽቮስት ሁሉም የሚያነሱት ጭራዋ እንደ መንሽ የተከፈለውን ጨረባ ነው፤ በፈረንሳይኛው ውስጥ ያለው «አሮንድ» እንዲያውም ዛሬ ኢሮንዴል የምትባለው የዚያችው ወፍ የጥንት ስም ነው። ስዊድኖች ወደ ውኃ ወርደው የሳልሞን ጭራ ይሉታል፤ ጃፓኖች ደግሞ ወፉንም ዓሣውንም ትተው አሪ፣ ጉንዳን፣ ብለውታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ርግቧን እመርጣለሁ፤ ልታርፍ ስትል የምትዘረጋው ጭራዋ ከሥሩ ጠቦ ጫፉ ላይ የሚሰፋውን ጥርስ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የወፉ ስም መሳሳት ቢያስቅ እንጂ እንጨት አያበላሽም፤ የጥርሶቹ ስም መሳሳት ግን ያበላሻል። መጋጠሚያው ሁለት ወገን አለው፤ በአንዱ ጣውላ ላይ ሰፋፊዎቹ ጭራዎች፣ በሌላው ላይ በመካከላቸው የሚገቡት ጠባብ ጥርሶች ይቆረጣሉ። የጀርመን አናጢዎች የመጀመሪያዎቹን ሽቫልበን፣ ጨረባዎች፣ ሁለተኛዎቹን ዚንከን፣ የመንሽ ጥርሶች፣ ይሏቸዋል። መመሪያው ግን በእንግሊዝኛ ፒን የሚባለውን ጠባብ ጥርስ በጀርመንኛ «መርፌ» ስላደረገው፣ በዚያ ቋንቋ የሚያነብ ጀማሪ ከጨረባዎቹ ላይ መርፌዎቹን እንዲያሰምር ይታዘዛል። የትኛው ጣውላ ቀድሞ እንደሚቆረጥና የሚጣለው እንጨት በመስመሩ በየትኛው ወገን እንደሚገኝ የሚያሳይ አንድ ሥዕል እንኳ የለበትም፤ የመጋዙ ምላስ በመስመሩ የተሳሳተ ወገን ከወረደ ደግሞ ክፍተቱን ኮላ አይሞላውም።

መለኪያውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። መመሪያውን በተመለከተ፣ አምራቹ በየቋንቋው አንድ አንድ አናጢ ጠይቆ እስኪያርመው ድረስ ከማሸጊያው ባይወጣ ይሻላል።